ሸክላ የሚሰበርበት ቀን

ዶሮዋ ጎተራውን ሦስት ጊዜ አዞረቻት። በአራተኛው ዙር የኢልዛባይን ትዕግሥት አለቀና አንዱን የእንጨት ጫማዋን አውልቃ ወረወረችባት፤ ሳተቻት። ሁለተኛውንም ለቀቀችው። እሱ ደግሞ የውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ቧ ብሎ ገባ።

“እሰይ!” አለ አጎቷ ሄንሪክ ከበረቱ ደጃፍ፣ መንሹን ተደግፎ። “አንቺን ነበር ጦር ሜዳ መላክ! ጠላት በሳቅ ያልቅልን ነበር።”

“እርስዎ ይያዟታ፣ ሆድዎ ካስኬደዎ!”

“ምላስሽን ለባል አስቀምጪው።”

“ባል እንዳይመጣ ነው የምስለው።”

አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት የሄደችው ሦስት ክረምት ብቻ ቢሆንም መልስ አጥታ አታውቅም። ነገ ታላቅ እህቷ ሬጊና የወንዙን ማዶ ልጅ ሎደቪግ ፖልከተርን ታገባለች። ስድስት ዶሮ ግቢው መሃል በተጣደው ትልቅ የብረት ድስት ይንተከተካል፤ ይቺ ሰባተኛዋ ናት። የሙሽራ ቤት ሾርባ ካነሰ ሰባት ዓመት ሲወራ ይኖራል።

ዛሬ ደግሞ ሸክላ የሚሰበርበት ቀን ነው። ላም ታልቦ ሲያበቃ የማዶው ጎረቤት በሙሉ የተሰነጠቀ ማሰሮውን፣ ጆሮው የወለቀ ገንቦውን ተሸክሞ፣ ባሩድ ብቻ ያጎረሰውን ጠመንጃ ወደ ሰማይ እየተኮሰ ይመጣና ሸክላውን ሙሽራዋ ደጃፍ ላይ ይከሰክሰዋል። ጩኸቱ ክፉ መንፈስ ያባርራል ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ኢልዛባይን እንደሚመስላት ግን ቢራ ለመጠጣት የተፈለሰፈ ሰበብ ነው።

ዶሮዋን ከአጥሩ ሥር አንገቷን አፍና ስትነሣ ነው ፈረሰኞቹን ያየችው።

አሥራ አንድ ነበሩ። ሁሉም የሰሜኑን ጦር ሰማያዊ ኮት ለብሰዋል። አጎቷ ሄንሪክ ፊቱ በራ። የአሜሪካ የሰሜንና የደቡቡ ጦርነት ከተነሣ አራተኛ ዓመቱ ነው፤ የሰፈሩ ጀርመኖች ለሰሜኑ ወግነዋል፣ አባቷም ያንኑ ኮት ለብሶ ከዘመተ ሁለት ፋሲካ አልፏል። በሚዙሪ ጫካ የሚያደፍጡት የደቡብ ሽፍቶች በዚህ የተነሣ ጀርመን ሲያዩ ደማቸው ይፈላል። “ደች” ይሏቸዋል፣ ልክ ውሻ እንደሚጠሩ።

“የኛ ልጆች ናቸው!” አለ ሄንሪክ። “እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ለሠርግ ደረሳችሁ!”

ኢልዛባይን ግን ፊተኛውን ፈረሰኛ ከኋላው አየችው። ኮቱ ጀርባ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያው ቡናማ ሆኖ ደርቋል። ኮቱን መጀመሪያ የለበሰው ሰው ከኋላው ተመትቶ ነው የሞተው።

“አጎቴ—”

“የየትኛው ክፍለ ጦር ናችሁ?” አለ ሄንሪክ እየሳቀ።

ሰውየው ከመታጠቂያው ካሉት አራት ሽጉጦች አንዱን መዘዘና ከሦስት እርምጃ ላይ ደረቱን መታው። ሄንሪክ ቁጭ አለ። መንሹን እንደያዘ፣ ሰው ቃሉን ሲያጥፍበት እንደሚታዘብ ዓይነት ቀና ብሎ አየው። ሁለተኛው ጥይት ግንባሩን አገኘው። ሦስተኛና አራተኛ የተኮሱት ሌሎቹ ናቸው፤ እነዚያ እንኳ አያስፈልጉም ነበር።

ከኢልዛባይን እጅ ዶሮዋ አመለጠች።

ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። ከወንዙ ማዶ ዷ! አለ። ዷ! ዷ! ተከታትሎ መለሰ፣ የበሬ ቀንድም ተነፋ፣ ሕዝብ ሆ! አለ።

ሽፍቶቹ ዘለው ኮርቻ ላይ ወጡ። “ከበውናል!” አለ አንዱ። አንድ ጠይም፣ ቀጭን፣ ጥርሱ የተበላ ሰው ግን በሳቅ ፈረሱ አንገት ላይ ተደፋ።

“ውረዱ፣ ውረዱ! ሻምበል፣ ምንም የለም። ሠርግ መስሏቸው ነው! የኛን ተኩስ ሰምተው ሙሽራ ቤት ተጀመረ ብለው እየመለሱልን ነው። እኔ ሁለት ዓመት ለደች ገበሬ አርሻለሁ፣ ጉዳቸውን አውቃለሁ። አሁን ተሰብስበው ይመጣሉ፣ ወንድ የተባለ ሁሉ። ጠመንጃቸው ውስጥ ደግሞ ባሩድ እንጂ እርሳስ የለም።”

ሻምበል የተባለው ባለ ቀዳዳ ኮቱ ነው። ሃርገስ ይሉታል። ስሙን ያልሰማ ገበሬ በዚያ አውራጃ የለም። ቀስ ብሎ ወረደ።

“ስንት ይሆናሉ፣ ቴት?”

“ሃያ ወንድ። ሰክረው፣ እየዘፈኑ፣ በአንድ በር።”

“እንግዲያው፣” አለ ሃርገስ ጓንቱን እያወለቀ፣ “እንግዶቻችንን እንጠብቃለን።”

አጎቷን በእግሩ ጎትተው ከበረቱ ጀርባ ጣሉት፤ መንሹን በረንዳው ጥግ አቆሙት። ደሙ ላይ ገለባ በተኑ። ስድስቱ በረት ገቡ፣ ሦስቱ ከበቆሎው ቆጥ ኋላ ተደበቁ፣ ፈረሶቹንም አብረው ሰወሩ። ኢልዛባይንን ፀጉሯን ይዘው በረንዳውን አሻግረው ቤት ውስጥ ወረወሯት።

እናቷ ሬጊናን አቅፋ ግድግዳ ተደግፋለች። ለነገ የሚጎነጎነው የአደስ አክሊል እግራቸው ሥር ተረግጧል። አያቷ ካስፓር፣ ሁሉም “ኦፓ” የሚሉት፣ በወንበሩ ላይ ነው፤ እግሩ ካበጠ ወዲህ ያለ ሰው ድጋፍ አይነሣም። ቴት አጠገቡ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና የሽጉጡን አፍ ጆሮው ውስጥ ሰካለት።

“እንግሊዝኛ የምታውቅ ማን ናት?” አለ ሃርገስ።

“እኔ፣” አለች ኢልዛባይን። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ይደማል።

“ስሚኝ፣ ትንሿ ደች። አንቺና ሙሽራዋ በረንዳው ላይ ትቆማላችሁ፣ ትስቃላችሁ። እናትሽ ድስቷን ታማስላለች። በቋንቋችሁ አንዲት ቃል ብትተነፍሱ ቴት ይሰማል። እጅ ብታወራጩ እኔ አያለሁ፤ ከበሩ ኋላ ነኝ። ያን ጊዜ የሽማግሌው አንጎል ግድግዳ ላይ ነው። ገባሽ?”

“ገብቶኛል። ደንቆሮ አይደለሁም።”

በሽጉጡ ሰደፍ ጉንጯን አላት። ክፍሉ ዞረባት።

“አሁንስ?”

“አሁን ትንሽ ደንቁሬያለሁ፣ ጌታዬ።”

ቴት ሳቀ። ሃርገስ አልሳቀም።

ሬጊና የእህቷን እጅ ጨበጠች። “ሎደቪግ ከፊት ነው የሚሆነው፣” አለች በሹክሹክታ። “ሙሽራ ከፊት ነው የሚሄደው፣ ኢልዛ...”

“ዝም በይ!” አላት ቴት በተሰባበረ ቋንቋቸው።

ኢልዛባይን ግን ጭንቅላቷ እንደ ወፍጮ ይዞራል። ብትጮህ ኦፓ ይሞታል። ዝም ብትል ሎደቪግ ይሞታል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይሞታል፣ ከዚያም እነዚህ ሰዎች ኦፓንም ቢሆን አይተዉትም። ይህን አምባሻ በየትኛውም በኩል ብትቆርሰው ያው ነው። እንዲያም ሆኖ ከአፏ ወጥቶ ኦፓን የሚገድል ቃል ማሰብ አልቻለችም። ቃል ደግሞ ቴት ያውቃል። ቴት የማያውቀው ምንድነው?

ያኔ የሎደቪግ እናት ወይዘሮ ፖልከተር ትዝ አለቻት። ሴትዮዋ ሕግ አዋቂ ናት፤ ማንኪያ ተገልብጦ ቢቀመጥ እንኳ አንቀጽ ታወጣለታለች። ባለፈው ዓመት በአንድ ሠርግ ዋዜማ አንድ ሰካራም የቢራ ብርጭቆውን ሸክላው ክምር ላይ ሊወረውር ሲል እንደ ነብር ዘላ እጁን ይዛዋለች። “ሸክላ ይሰበራል፣ ብርጭቆ አይነካም! ሸክላ ዕድል ነው፣ ብርጭቆና መስታወት ቀብር ነው!” በዚያ ሰፈር የሚያድግ ሁሉ ይህን ከእናት ጡት ጋር ይጠባዋል። ለቅጥር አራሽ ግን ማን ይነግረዋል? ቴትን ቢራ ያጠጡት ከበረት ኋላ ነው የሚሆነው፣ ከሠርገኛው መሃል አይደለም።

“ሻምበል፣” አለች፣ “እኛም እንወረውራለን እኮ።”

“ምን?”

“የመጀመሪያውን የምትሰብረው የሙሽራዋ እህት ናት። እንግዶቹ በሩ ጋ ሲደርሱ እኔ ካልሰበርኩ አይገቡም። ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ።”

ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር።

ሃርገስ ወደ ቴት ዞረ። “እውነት ነው?”

ቴት ጉዳቸውን አውቃለሁ ብሎ ፎክሯል፤ አሁን አላውቅም ማለት እንደሱ ላለ ሰው ከሞት ይከፋል። “አዎ፣” አለ። “አዎ፣ እንደዚያ ያደርጋሉ። እህትየው ናት።”

“ምንድነው የምትሰብሪው?”

ኢልዛባይን መደርደሪያውን ቃኘች። ብርጭቆዎቹን ሽፍቶቹ ኮሮጆ ውስጥ ከተዋቸዋል። መስኮቱ ቅባት የተቀባ ወረቀት ነው። ከዚህ ሌላ በቤቱ ያለው አንድ የፊት መስታወት ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ለማየት እንኳ አልደፈረችም። ኦፓ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ከጀርመኑ ብሬመን ወደብ መርከብ ሲሳፈር ለሚስቱ ለኤንግል የገዛላት ነው። ኤንግል በአምስተኛው ሳምንት ትኩሳት ይዟት ሞተች፤ በአንሶላ ጠቅልለው ባሕር ጣሏት። የዚያን ዕለት ጠዋት በዚያ መስታወት ፀጉሯን አበጥራ ነበር። ኦፓ ርቦት ሰዓቱን ሸጧል፣ ካፖርቱን ሸጧል፣ የጋብቻ ቀለበቱን ሳይቀር በአንዲት ላም ለውጧል። መስታወቱን ግን ከእሱ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም። ኢልዛባይን በአምስት ዓመቷ ጣቷን ብታሳርፍበት በሕይወቷ ብቸኛውን ግርፋት የቀመሰችው ያኔ ነው።

“ምን እንደሆነ ጠየቅኩሽ!” አለ ሃርገስ።

ኦፓ ተናገረ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አልማረውም ብሎ በእልህ የተወውን እንግሊዝኛ፣ አንድ በአንድ እየነቀለ፦

“መስታወት... እሱን... ትውሰድ። ልማድ ነው።”

ከዚያ ኢልዛባይንን አያት። ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም፤ ይልቁንስ ሁልጊዜ በካርታ ጨዋታ ሲያጭበረብር የሚያሳየው ያ የሌባ ጥቅሻ ነበር። እሷ ያሰበችውን አውቋል። ምን እንደሚያስከፍለውም አውቋል።

መስታወቱን ከሚስማሩ አወረደችው።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ እናቷ ግቢው መሃል ድስቱን ታማስላለች፣ እህትማማቾቹ በረንዳው ላይ ቆመዋል። ከበሮው መጀመሪያ ተሰማ፣ ቀጥሎ የመጥበሻ ቅጭልጭልታ፣ ከዚያ የእንጨት ድልድዩ ከሥሩ እስኪንቀጠቀጥ የጫማ ድምፅ። ሎደቪግ ከፊት ነው፣ ባርኔጣው ላይ ሪባን አስሮ። ከጎኑ እናቱ ወይዘሮ ፖልከተር ከራሷ የሚበልጥ የጎመን ጋን በሁለት እጇ አቅፋለች። ኋላቸው ሃያ ወንድ፣ ሴቱ፣ ልጁ። አንዱ ወደ ሰማይ ተኮሰ። በረት ውስጥ የሽጉጥ ቃታ ቀጭ ሲል ኢልዛባይን ሰማች።

“ሳቂ፣” አለ ሃርገስ ከበሩ ኋላ።

ሬጊና ሳቀች። ከለቅሶ የከፋ ሳቅ ነበር።

“ሬጊናዬ!” ብሎ ጮኸ ሎደቪግ። “ቢራው ቀዝቅዟል ወይስ እንደ እህትሽ ጠባይ ነው?”

ለአጥሩ በር አርባ እርምጃ ቀራቸው። ሠላሳ። ኢልዛባይን መስታወቱን ከራሷ በላይ ከፍ አደረገችው፣ ፀሐይ አርፋበት አንዴ ቦግ እንዲል አዘነበለችው፣ ከዚያም ባላት ጉልበት ሁሉ የበረንዳው ድንጋይ ላይ ከሰከሰችው።

ሸክላ ሲሰበር ዱብ ይላል። መስታወት ይጮኻል።

ከበሮው ቆመ። ወይዘሮ ፖልከተር እግሯ አንዴ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ዓይኗ ከስብርባሪው ወደ ኢልዛባይን ጉንጭ ሄደ፣ ወዳበጠው፤ ከጉንጯ ወደ ሬጊና የገረጣ ፊት፤ ከዚያ አጎት ሄንሪክ ሁልጊዜ በርሜል ይዞ ወደሚቆምበት፣ ዛሬ ግን ገለባ ብቻ ወዳለበት ቦታ። ይህ ሁሉ አንዴ እስትንፋስ እስኪሳብ ድረስ ነው።

“ኡኡቴ!” ብላ ጮኸች በድንገት ወደ ሰዉ ዞራ። “እናንተ ጉዶች! የኛን በርሜል ረስተን መጣን እኮ! ባዶ እጃችንን ልንገባ ነው? ተመለሱ! ሁላችሁም ተመለሱ አልኩ፣ አንዱ ብቻውን አይሸከመውም! ሎደቪግ፣ አንተ ከሁሉ በፊት!”

“እማማ፣ እኔ—”

“ሂድ አልኩህ፣ የማትረባ!” ብላ በጋኑ ጫፍ ገፋችው።

ሰዉ ተጠመዘዘ። ማንም አልሮጠም፤ ሮጠው ቢሆን ያልቁ ነበር። እየተሳሳቁ፣ እየተገፋፉ፣ ድልድዩን ተሻገሩ።

“ምን አለች?” አለ ሃርገስ።

“በርሜል ቢራ ረሱ፣” አለ ቴት ከውስጥ፣ እየሳቀ። “ሊያመጡ ሄዱ።”

“ደች ያለ ቢራ ሲኦልም አይገባም፣” አለ ሃርገስ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል ታየ። “ይጠጡ። በደንብ ይጠጡ።”

ጠበቁ። ድስቱ ይንተከተካል። የኢልዛባይን ባዶ እግር ስብርባሪው ላይ ነው፤ ለመንቀሳቀስ ስለፈራች ስባሪው ሲወጋት ዝም ብላ ቻለችው። ከማዶ ዘፈን መጣ፣ ሴቶች ብቻ የሚዘፍኑት። ሃርገስም ይህን ሳያስተውል አልቀረም፣ ከበሩ ወጣ።

“ወንዶቹ ለምን አይዘፍኑም?”

ወደ እግሩ ተመለከተ። ጎንበስ ብሎ አንድ ስባሪ አነሣ።

“ቴት። ሁለት ዓመት አብረሃቸው ኖርክ። መስታወት ሲሰብሩ አይተህ ታውቃለህ?”

ውስጥ የቴት በርጩማ ሲንቋቋ ተሰማ።

“ጠየቅኩህ!”

“እ... ማሰሮ ነው በብዛት፣ ሻምበል። ማሰሮ።”

ሃርገስ ስባሪውን ጣለ። ሽጉጡን አንሥቶ የኢልዛባይን ግንባር ላይ አነጣጠረ። ያኔ ለሦስት ዓመት ብቻውን ተነሥቶ የማያውቀው ሽማግሌ ከወንበሩ ተነሣ። በአንድ ክንዱ ቴትን ከነበርጩማው ገፍትሮ፣ በሁለት እርምጃ ደጁን አለፈና በሙሉ ክብደቱ ሃርገስ ጀርባ ላይ ወደቀ። ሽጉጡ ጮኸ፤ ጥይቱ የበሩን መቃን በጣጠሰው። ሁለተኛው ጥይት ግን በክንዱ ሥር አልፎ ወደ ኋላ ነው የሄደው፣ ኦፓ ሆድ ውስጥ። ሽማግሌው አልለቀቀም። ሦስተኛውም ገባ። አሁን ለቀቀ።

እናቷ ያን ጊዜ ባልዲዋን ከድስቱ ሞልታ ደርሳ ነበር። የሚፈላውን ሾርባ የሃርገስ ፊት ላይ ደፋችው። ያ የሰው ጩኸት አልነበረም። ፊቱን በእጁ ሲይዝ ቆዳው ከእጁ ጋር ተነሣ። በጭፍን ተኮሰ፣ ደግሞ ተኮሰ። የአጎት ሄንሪክ መንሽ ኢልዛባይን እጅ እንዴት እንደገባ አታውቅም። ድርቆሽ ብዙ ጊዜ ወግታለች፤ ሰው ግን እንደ ድርቆሽ አይደለም፣ አጥንት ጋ ሲደርስ ይነክሳል። ገፋች። ሃርገስ ከበረንዳው ወርዶ ወደቀ፣ መንሹም አብሮት።

በዚያው ቅጽበት ከመንገዱ ዳር የበቆሎው እርሻ ተኩስ ተፋ። ተደብቀው የተመለሱት ወንዶች ሃያ ጠመንጃ ነው፣ አሁን እርሳስ የጎረሰ። ከበረት የወጣው ፊተኛው ሽፍታ አንገቱ ተበጥሶ ወደቀ፣ ሁለተኛው ፈረሱ ላይ እንደወጣ ተንጋለለ። የቀሩት እየተኮሱ፣ ገለባው ላይ እሳት ለቀው፣ በማሳው ጋለቡ። ቴት በኋላ በር ወጥቶ አጥሩን ተከትሎ ሮጠ። ከአጥሩ ጫፍ ወይዘሮ ፖልከተር ከነጋኗ ትጠብቀው ነበር። ጋኑ ያን ቀን ብቸኛው የተሰበረ ሸክላ ሆነ። ቴት አልተነሣም።

በረቱ ተቃጠለ። ሁለት ጊደሮች ወጡ፣ ሁለቱ አልወጡም። ሬጊና የኦፓን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ሎደቪግን እያየች እንኳ አልተነሣችም። ኦፓ አንድም ቃል ሳይናገር ሞተ። እናቷ አጎት ሄንሪክን ከበረቱ ጀርባ ጎትታ አምጥታ ከኦፓ አጠገብ አስተኛችውና፣ ሁለቱንም በነገው የጠረጴዛ ልብስ ሸፈነቻቸው።

ኢልዛባይን በረንዳው ላይ ቁጭ ብላለች። ከበቆሎው የሚወጡትን ትቆጥራለች። ሃያ አንድ። ሎደቪግ ክንዱ ቆስሏል እንጂ ሃያ አንዱም በእግራቸው ናቸው። ደግማ ቆጠረች። ማልቀስ እንዳለባት ታውቃለች፣ እንባ ግን እምቢ አላት። ዓይኗ እንደ ደረቀ ጉድጓድ ነው። አንዳንድ ሴቶች ስብርባሪውን አይተው ወደኋላ ሸሸት አሉ፤ አንዷ አማተበች። ማንም ወደ እሷ አልቀረበም።

ወይዘሮ ፖልከተር ብቻ መጣች። ሽብሽቧ በደምና በጎመን ውሃ ረጥቧል። ከፊቷ ቆመች።

“ማን ነው መስታወት የሰበረው?” አለች ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

“እኔ ነኝ፣ ወይዘሮ ፖልከተር።”

“በእህትሽ ሠርግ ዋዜማ?”

“አዎ።”

“እኔ በተወለድኩበት አገር፣” አለች ሴትዮዋ፣ “እንዲህ ያደረገች ልጅ ጥፊ ትቀምሳለች። ያኔ ክፉው ዕድል ጥፊዋን ይዞ ይሄዳል፣ ቤት አይገባም። ሕጉ ይኸው ነው።”

እጇን አነሣች። መታቻት፣ ባላበጠው ጉንጯ፣ ዝንብ እንደማባረር ያህል፣ ለሕጉ ሲባል ብቻ።

“አለቀ፣” አለች ወደ ሴቶቹ ዞራ። “ነገ ቄሱ ይመጣል። መጀመሪያ ይቀብራል፣ ከዚያ ያጋባል። ሌላ የምትሉት አለ?”

ወይዘሮ ፖልከተር እያቃሰተች ተንበረከከች፣ የልጅቷን እግር አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ስባሪውን አንድ በአንድ በጥፍሯ ትነቅል ጀመር።

ኢልዛባይን ያኔ ፈነዳች። ትከሻዋ እየዘለለ፣ ንፍጧ እየወረደ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

“ምነው፣ ያን ያህል መታሁሽ እንዴ?” አለች ሴትዮዋ ቀና ሳትል።

“አዎ፣” አለች ኢልዛባይን። “በጣም ያማል።”